የእሁዱ ብስክሌት ሰኞ የት ይሄዳል?

ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ ወደ ቦሌ የሚወርደው መንገድ በኮሪደር ልማቱ ከታደሰ ወዲህ ከእግረኛው ንጣፍ ጎን የብስክሌት መስመር አለው። ያምራል፤ ማታ ማታም ብርሃን አለው። በሥራ ቀን ጠዋት ግን ከብስክሌተኛ ይልቅ እግረኛ ይበዛበታል። ከዚያ ተነስታችሁ በአውቶቡስ ተራና በፓስተር በኩል ጳውሎስ ሆስፒታል በር ድረስ ብትመጡ ነገሩ ተገልብጦ ይጠብቃችኋል። እዚህ ብስክሌተኛው መስመር እስኪሰመርለት አልጠበቀም። ኋላው ላይ ካርቶን በላስቲክ አስሮ፣ በሚኒባስና በአይሱዙ መካከል እየተሹለከለከ ያልፋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የሚሄደው ግን ወደ ሥራው ነው።

በአገራችን ብስክሌትን ለማስፋፋት የተደረገው ጥረት የትናንት አይደለም። ስፖርተኛው፣ የሰፈር አከራዩ፣ ጤና ሚኒስቴር፣ የከተማው አስተዳደር፣ የውጭ ድርጅቶች በየተራ ገፍተውታል። እኔ እንደማየው ግን ግፊቱ ሁሉ ያረፈው በትርፍ ጊዜ ላይ ነው። ብስክሌትን የውድድር፣ የልጅነት፣ የእሁድ፣ የመናፈሻ ነገር አድርገን አሳምረነዋል። የሰኞ ጠዋት መጓጓዣ የማድረጉን ጉዳይ ግን ሁልጊዜ ለነገ እያልን አሳድረነዋል።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የተሰለፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ይዛ የሄደችውም ሁለት ስፖርት ነበር፤ አትሌቲክስና ብስክሌት። ሁለተኛውን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ከመሮጡ ከአራት ዓመት ገደማ በፊት ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በአውስትራሊያ መንገድ ላይ ፔዳል ሲመቱ ነበር። ገረመው በግል ውድድሩ 24ኛ ሆኖ ጨረሰ። ዓለም አቀፍ ውድድር ብርቁ ለነበረ ቡድን ይህ ቀላል ውጤት አይደለም።

የዚያን ዘመን የብስክሌት ጉልበት በብዛት የሚመጣው ከአስመራ ነበር። ጣሊያኖች ይዘውት የገቡት ውድድር እዚያ ከተማ ውስጥ ሥር ሰዶ፣ በኋላ የኢትዮጵያን ማልያ ከለበሱት ጋላቢዎች ብዙዎቹን ያወጣው እሱ ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ስትሆን ያ ባህል አብሯት ሄደ፤ በእኛ በኩል ቦታውን የያዘችው መቐለ ናት። ከመቐለ የተነሳው ጽጋቡ ግርማይ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ውስጥ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከዚያ የትግራይ ጦርነት መጣ፤ መቐለም የብስክሌት ከተማ መሆኗ ቀርቶ የከበባ ከተማ ሆነች። ብስክሌተኛዋ እየሩ ገብሩ በፓሪስ ኦሎምፒክ የተሰለፈችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። በዚያው ክረምት፣ በ2016 ዓ.ም.፣ ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። በመስከረም 2018 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና አፍሪካ ምድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አዘጋጇ ኪጋሊ ነበረች።

ይህ ሁሉ ክብር ነው። የብስክሌት ፌዴሬሽን ሥራው ውድድር ማዘጋጀትና ተወዳዳሪ ማፍራት ስለሆነ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ማቆሚያ ቦታ፣ ስለ አደባባይ አቋራጭ እንዲከራከር አይጠበቅበትም። ችግሩ ሌላ የሚከራከር አለመኖሩ ነው። በአንዳንድ አገር የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር እንደ ሠራተኛ ማኅበር ጉልበት አለው፤ ከንቲባ ያስጨንቃል። በእኛ አገር ለተራው ብስክሌተኛ የሚናገር ሰው ቢፈለግ የሚገኘው ወይ ስፖርት ውስጥ ነው፣ ወይ የፕሮጀክት ሠራተኛ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ያደግን የአንድ ዘመን ልጆች ሳይክል የለመድነው በገዛ ሳይክላችን አይደለም፤ በኪራይ ነው። ሜዳ ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ አከራይ ነበር። አምስት ስድስት ሳይክል አጥር ላይ ይደግፋል፤ ከነዚያ ውስጥ ፍሬን ያለው አንዱ ቢሆን ነው፣ እሱም ሁልጊዜ ተይዟል። የቀሩት የሚቆሙት በጫማ ሶል ነው፤ እግርን አንስቶ የኋላ ጎማው ላይ መጫን። ሒሳቡ በደቂቃ ወይም በዙር ነው፣ ሰዓቱን የሚይዘው ደግሞ አከራዩ ራሱ ስለሆነ ደቂቃው ሁሌ ይፈጥናል። ካቴናው ከወለቀ መግጠም የተከራዩ ዕዳ ነው፤ እጁን ጥቁር በጥቁር አድርጎ ሲጨርስ «ጊዜህ አልቋል» ይባላል። ወንዱ ልጅ እንዲህ እየወደቀና እየተላላጠ ይለምዳል። ሴት ልጆች ግን አጥሩ ሥር ቆመው ያዩ ነበር። ከቤት ቁጣ አለ፣ ከመንገድ ላይ ለከፋ አለ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት ላይ የምትታይ ሴት ብርቅ የሆነችበትን ምክንያት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መንዳት በሚለመድበት ዕድሜ ከአጥሩ ሥር ማን እንደቆመ ማስታወስ ይበቃል። ኋላ የመጡት ስትራቴጂዎች «ሴቶችን ያካተተ» የሚል ሐረግ አላቸው። ሜዳው ግን በኮንዶሚኒየምና በሕንፃ ተይዟል፤ አከራዩም ሜዳው ሲሄድ አብሮ ሄደ።

የአከራዩ ዓለም ቅሪት ዛሬ የሚገኘው ጎሚስታው ዘንድ ነው። በእኛ ሰፈር በጳውሎስ ካሉት አንዱ ዋና ገቢው ከመኪና ጎማ ነው፤ ሳይክል ሲመጣለት ግን ፊቱ ይፈታል። ጎማውን በሁለት ማንኪያ ከቸርኬው ያላቅቅና ካላማዳሪያውን መዞ ያወጣል፣ በፖምፓ ይነፋል፣ ከዚያ በውኃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ እያጠለቀ ያዞረዋል። አረፋው ብቅ ሲል አውራ ጣቱን ይጭንበታል፤ ያደርቃል፣ በመሞረጃ ይሞርዳል፣ ማስቲሽ ይቀባል። ማስቲሹ እስኪደርቅ ወሬ አለ። ወሬውም ሁልጊዜ ያው ነው፤ የፍሬን ላስቲክ ተወደደ፣ የሚመጣው ዕቃ ደግሞ ዕድሜ የለውም። ከጳውሎስ ወደ መርካቶ አቅጣጫ ለሚወርድ ሰው ፍሬን ማለት ነፍስ ነው። በቀጥታ ሜዳ ዓመት የሚያገለግል ላስቲክ እዚህ ወራት አይቆይም ይላል፤ አምነዋለሁ፣ ቁልቁለቱን አውቀዋለሁና።

አገሪቱ ውስጥ ብስክሌት የእውነት መጓጓዣ ሆኖ የኖረው ቀስቃሽ ባልነበረበት ቦታ ነው። ባሕር ዳር ለዚህ ምስክር ናት። ከጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ ናት። ተማሪው፣ መምህሩ፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ አናጢው፣ መሶብ የጫነው ነጋዴ ሳይቀር በዘንባባዎቹ ሥር በሳይክል የሚሄድባት ዘመን ነበር። ከባዱ የቻይና ፎኒክስ የቤት ንብረት ነበር፤ ይወረሳል፣ ይዋሳል፣ ያጣላል። ሐዋሳም በዚሁ ትታወቅ ነበር። ማንም «ጤናማ የከተማ እንቅስቃሴ» ብሎ አልሰበካቸውም። መንገዱ ሜዳ፣ ርቀቱ አጭር፣ መኪናው ጥቂት፣ ሳይክሉ ርካሽ ስለነበር ብቻ ነዱ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ባጃጅ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ባጃጅ በር ድረስ ያደርሳል፣ ዝናብ አያስመታም፣ ሦስት ሰውም ይይዛል። የመንዳት ልምዱ ተሸርሽሮ አላለቀም፤ ግን በመጋቢት 2011 ባሕር ዳር የአፍሪካን የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ስታስተናግድ፣ ጎዳናዋን የሞላው የባጃጅ ሰማያዊ ነበር። ሻምፒዮናው ለእነዚያ አሮጌ ፎኒክሶች ምን አደረገላቸው ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከተማዋ ስትሰፋ መንገዱ የተሰላው በመኪና ነው። ቀለበት መንገዱ መኪናን አፈጠነ፤ ሰፈርን ከሰፈር ግን በአጥርና በግንብ ለየ። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሐዲዱ መሬት ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎች እግረኛውን ረጅም ዙሪያ ያስኬደዋል። ይህ የተደረገው አብዛኛው ሰው በእግሩ በሚሄድበት ከተማ ነው፤ በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፣ የብስክሌቱ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸው ከዚህ ጋር ሲደመር፣ መንገዱ ለማን እንደተሠራና ማን እንደከፈለበት ግልጽ ይሆናል።

ጳውሎስ ይህን ሒሳብ ከማንም ሰፈር በላይ በቅርብ ያየዋል። ሆስፒታሉ በ1961 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለድሆች ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዛሬ የሕክምና ኮሌጅ ሆኗል፣ ከአገሪቱ ዳርቻ ሁሉ ሰው ይመጣበታል። በሥሩ ያለው አቤት ደግሞ የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሆስፒታል ነው። በመንገድ የተጎዳ ሰው ሲመጣ የሚታየው እዚያ ነው። የአጥንት ሐኪሞችን ስለ መንገድ ዲዛይን ብትጠይቋቸው ከመሐንዲሶች ያልሰማችሁትን ትሰማላችሁ ባይ ነኝ። ስለዚህ ብስክሌት የማስፋፋቱን ሥራ በኋላ ከትራንስፖርት ሰዎች ቀድሞ ጤና ሚኒስቴር በአደባባይ ሲይዘው ብዙ አልገረመኝም።

ያ የሆነው በ2011 ነው። ኅዳር 30 ቀን፣ እሁድ ማለዳ፣ አዲስ አበባን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች የተመረጡ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘጉ። ዘመቻው «መንገድ ለሰው» ተባለ። በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር አሚር አማን ከፊት ነበሩ፤ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች፣ የትራንስፖርትና ልማት ፖሊሲ ተቋምና የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አብረው ነበሩበት። ቀኑ ወር በወር እንዲደገም ተደረገ። ልጆች በሮለር ስኬት፣ ወጣቶች በኳስ፣ ሽማግሌዎች በእርምጃ አስፋልቱን ያዙ። ሳይክል ያለው አወጣ፣ የሌለው ተከራየ። የከተማው ሰው ስፋቱን በመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቀውን ጎዳና መሐሉ ላይ ቆሞ ሲያየው የተሰማው ደስታ እውነተኛ ነበር፤ እኔም ተካፍዬዋለሁ።

ሐሳቡ ከሌላ አገር የተወሰደ ነው። ኮሎምቢያዊቷ ቦጎታ ይህን የጀመረችው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ በየሳምንቱ እሁድና በበዓላት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ጎዳና ይዘጋል። ኪጋሊም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምራ አጥብቃ ይዛዋለች። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት ጽናቱ ላይ ነው። የቦጎታ ነዋሪ ለእሁድ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ የሚዘጋውን መንገድ ልጅ ሆኖ ያውቀዋል። የእኛው አንድ ወር ይደምቃል፣ ሌላ ወር ይዘነጋል፣ ባለሥልጣን ሲቀየር ድምፁ ይቀንሳል። ደግሞ የሚዘጋው መንገድ በአብዛኛው የመሐል ከተማው ሰፊ ጎዳና ነው። ከጉለሌ የሚመጣ ልጅ መኪና የሌለበት መንገድ ላይ ለመጫወት በመጀመሪያ መኪና መሳፈር አለበት። (ከእነዚያ እሁዶች በአንዱ አዲስ ሄልሜት ያጠለቁ ኃላፊዎች ለካሜራ ጥቂት መቶ ሜትር ነድተው ሳይክሉን ለረዳት ሲያስረክቡና ቪኤይታቸው ውስጥ ሲገቡ አይቻለሁ። ለክፋት አልልም፤ ግን የፖሊሲው ታሪክ ባጭሩ እሱ ነው።)

ወረቀቱ ከዘመቻው ጋር ተከተለ። አዲስ አበባ በዚያው ዓመት ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት፣ ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ስትራቴጂ አወጣች። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በዳግማዊት ሞገስ ይመራ የነበረው የትራንስፖርት ሚኒስቴር አገር አቀፉን ይፋ አደረገ፤ እሱም ሌሎች ከተሞችን ጭምር ያቀፈ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ የሚያልም ነው። አንብቤያቸዋለሁ፤ ጥሩ ሰነዶች ናቸው። የመስመሩን ስፋት፣ የመሻገሪያውን ከፍታ፣ የማቆሚያውን ዓይነት ሳይቀር ያነሳሉ። በሥራ የታየው ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከለቡ ወደ ጀሞ በኩል ያለውን የመሰለ የሙከራ መስመር ነው። ቦታው የተመረጠው ሜዳ ስለሆነ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ለሙከራ አይከፋም። ይሁን እንጂ ከሌላ መስመር ጋር ያልተያያዘ አጭር መስመር ብዙም ሳይቆይ የመኪና ማቆሚያ፣ የጀበና ቡና ቦታ፣ የአሸዋ መደፊያ ይሆናል። ጥፋቱ የጀበና ቡና ሻጯ አይደለም። ማንም የማይሄድበት ንጹሕ መሬት ካገኘች ምን ታድርግ?

በእነዚያው ወራት ሌሎች ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። በ2011 ክረምት ከተማው ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ አገደ። በሞተር ዕቃ ያደርስ የነበረው ሥራ ባዶ ቦታ ስለተወ፣ ቀስ በቀስ ምግብና ጥቅል የሚያደርሱ ወጣቶች በብስክሌትና በኤሌክትሪክ ብስክሌት ብቅ አሉ። በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ፤ ሚኒባስ ግማሽ ብቻ እንዲጭን ታዘዘ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ወደ ዊንጌትና አስኮ የሚሳፈረው ሰልፍ የጳውሎስን አጥር ታክኮ ይዘረጋ ነበር። ብስክሌትን የሥራ ቀን መጓጓዣ ለማድረግ ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ አልመጣም። ቦጎታ በዚያው ወር የመኪና መስመሮችን በፕላስቲክ ኮን ከልላ ለብስክሌት ሰጠች። ኮን ርካሽ ነው፤ በሌሊት ይተከላል። እኛ ዘንድ የተተከለ አላየሁም። አዲሱን ስትራቴጂ ከገጹ ላይ አውርዶ በዚያ ሳምንት መንገድ ላይ የሚያውለው ሰው ስላልነበረ ጊዜው አለፈ። የሳይክል ሱቆች ግን በዚያ ሰሞን ገበያ ነበራቸው፤ ሕዝቡ ከመሥሪያ ቤቶቹ ቀድሞ ገብቶት ነበር።

በ2013 መባቻ እንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ጫካው ውስጥ የብስክሌት መንገድ አለ፣ የሚከራይም ሳይክል አለ፣ አየሩ ሸጋ ነው። ከእኛ ሰፈር ቀና ቢሉ የሚታይ ተራራ ነው። እዚያ ለመንዳት የሚመጣው ሰው ግን ጉለሌን አቋርጦ የሚወጣው በመኪና ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሳይክል ይከራያል፣ ጥቂት ዙር ይነዳል፣ በመኪና ይመለሳል። ፓርኩ ጥፋት የለበትም፤ መናፈሻ መናፈሻ ነው። ነገር ግን በከተማው ስለ ብስክሌት ሲወራ የሚታየው ፎቶ ሁልጊዜ ከዚያ መሆኑ ያሳስበኛል። የጥድ ጥላ ሥር የተነሳ ፎቶ ዕቃ ጭኖ ፓስተርን የሚሻገረውን ልጅ ይጋርደዋል።

በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ነገሩን በእርግጥ ለወጠው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ ከተሠራው የበለጠ የብስክሌት መስመር በአንድ ዓመት ውስጥ ተሠራ፤ ይህን መካድ አይቻልም። የመጀመሪያው ምዕራፍ ፒያሳንና አራት ኪሎን ከቦሌ፣ ከመገናኛ፣ ከሜክሲኮና ሳር ቤት አቅጣጫዎች ጋር ያያያዘ ነበር፤ ቀጣዩ ምዕራፍም በ2017 ተከተለ። በልማቱ ከቦታቸው የተነሡት ነዋሪዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ትልቅ ነገር ስለሆነ እዚህ በአንድ ሐረግ ማለፉ አግባብ አይመስለኝም። ከብስክሌቱ አንጻር ግን አንድ ነገር መባል አለበት። መስመሩ የተሠራው ከመልክ ተነሥቶ ነው። በቀጥታው መንገድ ላይ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ አደባባይ ሲደርስ ይጠፋል ወይም ከእግረኛው ጋር ይደባለቃል። ብስክሌተኛ የሚሞተው ደግሞ አደባባይና መታጠፊያ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ሳይክሉን አስሮ የሚሄድበት ብረት የለም። ባንክ፣ መሥሪያ ቤት፣ ክሊኒክ ደጃፍ ላይ ዘበኛው የሚያውቀው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ሳይክል ይዞ የመጣን ሰው «እዚህ አይቻልም» ይለዋል። የት ይቻላል ሲባል መልስ የለውም።

ስለ ዋጋም ማንሳት ግድ ነው። ሳይክሉም መለዋወጫውም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። መስመሩ በተሠራበት ዓመት መስመሩ ላይ የሚሄደው ዕቃ ተወደደ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጥር ላይ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል፤ ለእነሱም የታክስ ማበረታቻ ሰጥቷል። ከነዳጅ ድጎማው መነሣት ጋር ሲታይ ውሳኔው ምክንያት አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን በሚሊዮን ብር የሚገዛ ዕቃ ነው፤ አንድ መኪና ከሚይዘው ባትሪ ብዙ ደርዘን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይወጣል። በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው።

የእኔ ሰፈር ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል፤ ጳውሎስ ዳገት ነው። ስለ ብስክሌት የሚሰብኩ ሰዎች ከፍታን እንደ ሰበብ አትውሰዱ ይላሉ፣ ቦጎታን ያነሳሉ፤ እሷ 2,600 ሜትር ላይ ናት፣ ከአብዛኛው አዲስ አበባ ትበልጣለች። እውነት ነው። ግን ቦጎታ አምባ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። የእኛ መንገድ ከእንጦጦ ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚወርድ ነው። ጠዋት ቁልቁል ወደ መርካቶ የሚሄድ የሱቅ ሠራተኛ ምንም አይቸግረውም፤ ማታ ደክሞት ሲመለስ ነው ዳገቱ የሚጠብቀው። በእኛ ሰፈር ማታ ከሚታዩት ሳይክሎች የሚነዳ ያህል የሚገፋም አለ። እንዲህ ላለ ሰፈር መስመር መቀባት ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሞተር ያለው ፔዳል ነው። የሚያግዝ ሞተር ያለው ብስክሌት ዳገቱን ይሰርዘዋል፣ ነጂውም ላብ በላብ ሆኖ ሥራ አይገባም። አዲሱ ገበያ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ቁስቋም፣ ዊንጌት ሁሉ የዚህ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው።

ከውጭ ልምድ እውነት የምንማርበት ከሆነ ስፔናዊቷን ሴቪያ ማየት ይሻላል። ብስክሌት ብርቅ በነበረባት ከተማ ከ2006 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መስመር ተዘረጋ። ምሥጢሩ ሁሉም ከሁሉም ጋር እንዲገናኝ ተደርጎ በአንድ ጊዜ መሠራቱ ነው። ከመቶ አንድ የማይሞላው የብስክሌት ጉዞ በጥቂት ዓመታት ወደ ስድስትና ሰባት ከመቶ ወጣ። ሆላንድን ደግሞ ሁሉም ያነሳል፤ የሚረሳው እዚያ ነገሩን የጀመሩት መሥሪያ ቤቶች አለመሆናቸው ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ከ400 በላይ ልጆች በመኪና ሲሞቱ ወላጆች መንገድ ላይ ወጡ። በእኛ በኩል ሁሉም ነገር ከላይ ወደ ታች ነው የወረደው። መስመሩ ከነጂው ቀድሟል፣ ስትራቴጂው ከጥያቄው ቀድሟል። ለዚህም ነው መስመሩ ሲበላሽ የሚቆጣለት ጠፍቶ የሚቀረው።

ጳውሎስ ሆስፒታልና ኮሌጁ ለመጀመሪያ ሙከራ ከለቡም ከቦሌም የተሻለ ቦታ ይመስለኛል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ተማሪዎችና ሠራተኞች በተመሳሳይ ሰዓት ይገባሉ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ የሚኖሩት በጉለሌ፣ በኮልፌና በአዲስ ከተማ ውስጥ፣ ሳይክል በማያደክመው ርቀት ላይ ነው። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ሥራ ስትጨርስ ሚኒባስ ገና አልጀመረም ወይም ሰልፉ መንገድ ዘግቷል። ግቢው ውስጥ ጥበቃ ያለው የሳይክል ማቆሚያና የመሙያ ሶኬት ቢኖር፣ ሠራተኛው በደመወዝ ተቀናሽ የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚወስድበት መንገድ ቢከፈት፣ ከፓስተር እስከ ዊንጌት ያለው መንገድ መታጠፊያዎቹ ጭምር ቢከለሉ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ስንት ሰው እንደሚነዳ ይታወቅ ነበር። ሴቶችም መንዳት የሚለምዱበት ሜዳ በዚያው ይገኝ ነበር፤ የኮሌጁ ግቢ አጥር አለው፣ ለካፊ አይገባም።

የከተማዋ ስትራቴጂ የሚያበቃው በ2028 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2020 ማለት ነው፣ ሩቅ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ብዙ መንገድ ይቆፈራል፤ ቱቦና ኬብል ይቀበራል፣ ጠርዝ ይደረደራል። አንዴ ጠርዙ ከተደረደረ ለዓመታት የሚያፈርሰው የለም። የአዲሱ ኮንትራት ሥዕል ሲወጣ፣ ስለ ፓስተር አደባባይ የተሳለው ገጽ ላይ ብስክሌተኛው በየት በኩል እንደሚሻገር መፈለግ ያለብን ያኔ ነው።